ማማውን ያላየው ቤት

ጥር 8

ይድረስ ጆሮዋን ለሰው ስብሰባ አከራይታ ለምትኖረው እህቴ፣ ለእታለም፦

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፣ ቤቱ ደህና ነው፣ እኔም የሰፈሩ ስጋት ከመሆኔ በቀር ደህና ነኝ። የጆሮ ማዳመጫሽን አውልቂ፣ ወንበር ሳቢና ተቀመጪ፤ ወሬው ረጅም ነው።

የጥያቄሽ መልስ፦ አልገባም። ጣሪያው አልቋል፣ በሩ ተገጥሟል፣ መብራት ገብቷል፣ ሽንት ቤቱ እንኳ ከከተማው ክፍልሽ ይሰፋል (ባለፈው ስመጣ ያንቺን በእርምጃ ለክቼው ነበር)። ኢንተርኔቱ ግን አልገባም። ለምን በይኛ? ቤቱ አያይም።

አትሳቂ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። የድርጅቱ ሰው ነው ያለው። ማክሰኞ መኪናው ላይ እሱን ሶስት ጊዜ የሚያህል መሰላል ጭኖ መጣ። ስሙን ነግሮናል፣ እኛ ግን ባለመሰላሉ ብለን ቀረን። ምሳ የሚበላበት የሚመስል ነጭ ሳህን አወጣ። ከኮረብታው ወዲያ ያለውን የኔትወርክ ማማ ሳህኗ ፊት ለፊት ካላየችው መስመር የሚባል ነገር የለም አለ። ግቢውን ሁለቴ ዞረ። ከዛ፣ "አባቴ፣ ቤትዎ ማማውን አያይም" አለው።

አባባን ታውቂው የለ? ሰላሳ አምስት አመት ለሰው ቤት ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ የመጀመሪያ የራሱን ቤት ቢሰራ፣ አያይም ተባለ። "ምን ማለትህ ነው ልጄ? ስድስት መስኮት አለው እኮ!" አለ። እኔ ከጎን ሆኜ፣ "አባባ መነጽር እናሰራለት" አልኩ። በመዶሻው እጀታ ለጥቂት ሳተኝ።

ባለመሰላሉ ከቤቱ ጀርባ ረጅም ምሰሶ ብትተክሉ ምናልባት ታይ ይሆናል ብሏል፤ ምናልባት የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ሳህኗንና ሳጥኗን እኛ ጋ ትቷቸዋል። ሳጥኗ ላይ አንዲት መብራት አለች፤ ሳህኗ ማማውን ስታይ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ትለወጣለች። እስክመለስ ማንም እንዳይነካት ብሎ አደራ ብሏል። ይህን ሲል ለምን እኔን ብቻ እንዳየ አልገባኝም። ግን እስከ መጋቢት 10 ይግባ ያልሽው፣ መጋቢት 10 ምንድን ነው? ለምንስ እንዲህ ፈለግሽው?

ደውል ላልሺኝ፣ ስልኬ ከመሰረቱ ስር ነው። ሲሚንቶ ሳቦካ ከኪሴ አምልጦ ገባ፤ ቤቱ ሲፈርስ ይገኛል። የአባባ ስልክ ደግሞ እዚህ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሰአት ከመንገር አያልፍም። ስለዚህ የአውቶቡሱ ሾፌር ፖስታ ቤታችን ሆኗል። አንቺም በሱ ላኪ። ከታች እንደ ልማዱ አባባ ይጨምርበታል።

ሽብልቅ ወንድምሽ

ልጄ ዓይኔ፥ ሥራው በርትቷል። ክፍልሽ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ይገባዋል። አባትሽ።

ጥር 15

ለወንድሜ ለሽብልቅ፤

መነጽሩን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሥቄ አለቃዬ ዘወር ብላ አየችኝ። ከአሁን በኋላ የምጽፈው ግን የሣቅ አይደለም፤ እባክህ በአንድ ዓይንህ አታንብበው።

መጋቢት 10 ምንድን ነው ብለሃል። እኛ የምንሠራበት ክፍል ሊዘጋ ነው። የስብሰባ ቅጂ እየሰማን የምንተይብ ሁላችን ሁለት ምርጫ ተሰጥቶናል፤ ወይ ከየቤታችን መሥራት፣ ወይ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መዛወር። ከቤቴ እሠራለሁ ያለ ሰው፣ ከዚያው ቤት ሆኖ መስመሩን አስለክቶ ውጤቱን እስከ መጋቢት 10 መላክ አለበት። ያልላከ ለሦስት ዓመት ፈርሞ ይዛወራል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከእናንተ ሁለት ቀን ማለት ነው። ገባህ? ወይ ቤቴ እገባለሁ፣ ወይ ጭራሽ እርቃለሁ። መሃል የለውም።

ለምን እንዲህ እንደፈለግሁትም ጠይቀሃል፤ ይህን እንኳ ባትጠይቀኝ። እማማ ስትታመም "ጉንፋን ነው፣ አታስቢ" ተብሎ ተጻፈልኝ። እኔም አላሰብኩም። ስደርስ ያገኘሁት ተጠቅልሎ ግድግዳ የተደገፈ ፍራሿን ነው። አባባንም እንደዚያ በደብዳቤ ላጣው አልፈልግም።

አንድ አደራ፦ አባባ መሰላል ላይ እንዳይወጣ። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ቢቆጣህም፣ ቢሰድብህም፣ እግሩ ላይ ተጠምጥመህ ያዘው። አንተ ለማናደድ ሰበብ አጥተህ አታውቅም፤ አሁን በፈቃድ ነው።

እኅትህ

ጥር 29

ይድረስ ለእታለም፦

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ሾፌሩ አልመጣም ነበር ልልሽ አስቤ፣ ሾፌሩን መጠየቅሽ እንደማይቀር ትዝ አለኝና ተውኩት። ስለዚህ ያለ ምክንያት ዘግይቻለሁ።

ምሰሶው ተተክሏል። ረጅም ነው። ወፎች ከአሁኑ ስብሰባ ጀምረውበታል፤ ከፈለግሽ ድምጻቸውን ቀድቼ ልላክልሽና ተይቢው።

አባባ ወጣ ወይ ብለሻል። ምሰሶው በጣም ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። አየሩም ጥሩ ነው።

ሌላ ምን አለ? ባለመሰላሉ አልተመለሰም። የሽንት ቤቱ በር ለካ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስገባም። አባባ ሲሰራው ማን ሁለት ሆኖ ይገባል ብሎ ነው፣ ትክክል ነበር። እና ደግሞ ሶስት ትራስ በሾፌሩ ላኪልኝ፣ ጠንካራ ጠንካራውን። አዲስ ቤት ብዙ ትራስ ይፈልጋል። ለምን እንደሚፈልግ አልተማርኩም፣ ከዘጠነኛ ክፍል ነው የወጣሁት።

አባባ ዛሬ ከታች አይጨምርም። እጁ ሲሚንቶ ነው።

ሽብልቅ

የካቲት 9

ይድረስ ለጠያቂዋ፣ ለመርማሪዋ፣ ለእታለም፦

ትራሶቹ ደርሰዋል፣ እጅሽ ይባረክ። አንዱን እኔ ወስጄዋለሁ።

በተራ ልመልስልሽ። ገበያ ወጥተህ በሰው ስልክ ደውል ያልሺውን ሞክሬ ነበር፤ ግን ጉሮሮዬን ይዞኛል፣ ድምጽ የለኝም። ብደውል ከበሬ ጋር የምታወሪ ነው የሚመስልሽ። የመሰላሉን ጥያቄ ሶስት ጊዜ ጽፈሽዋል፤ ሶስት ጊዜም አንብቤዋለሁ። ሾፌሩ "ወንድምሽ ከስቷል" ያለሽ ውሸት ነው፤ እሱ በወፈረበት አይን ሲያየኝ ነው።

እጁ ሳምንት ሙሉ እንዴት ሲሚንቶ ይሆናል ላልሽው ደግሞ፣ ይኸው፣ ታጥቦ ጽፎልሻል። በቃ ደስ ይበልሽ።

ሽብልቅ

ልጄ ዓይኔ፥ ደህና ነኝ። ስራው ወደ ማለቁ ነው። አታስቢ። አባትሽ።

የካቲት 14

ሽብልቅ፤

ይህን መስመር አባባ አልጻፈውም።

ሳየው እጁ መስሎኝ ነበር፤ ፊደሉን ወደ ቀኝ ማጋደልህ ጥሩ ነው። "ዓይኔ" ላይም ዐይኑን ዐ አስታውሰህ አስገብተሃል። "ሥራ"ን ግን በእሳቱ ሰ ጻፍከው። ትንሽ ሆነን ሰሌዳ ይዞ ሲያስጠናን "ሥራ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው! በእሳቱ ከጻፍከው ይቃጠላል!" እያለ ስንት ጊዜ አስደምስሶናል? አንተ ዛሬም ድረስ ታቃጥለዋለህ። አባቴ ግን እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ቢፈዝዝ፣ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ቢሆን "ስራ" ብሎ አይጽፍም።

ሌላም አለ። "አታስቢ" ብለሃል። ይህችን ቃል በዚህ ቤት ደብዳቤ ላይ አንድ ጊዜ አንብቤያታለሁ፤ መቼ እንደሆነ ታውቃለህ።

ሦስት ትራስ። የሽንት ቤት በር ለሁለት ሰው። እኔ እኮ ሰው ሲያወራ ስሰማ ነው የምውለው፣ ሥራዬ ሰዎች ያልተናገሩትን ጸጥታ ሳይቀር መቁጠር ነው።

አባባ በሕይወት አለ? ለዚህ ብቻ መልስ። ሰላምታውን ተወው።

የካቲት 18

አለ። እታለም፣ አለ፣ አለ፣ አለ። ይሄን ስጽፍ ከጎኔ ሆኖ መስኮቱን ክፈት፣ መስኮቱን ዝጋ እያለ እያዞረኝ ነው። ለማን ነው የምትጽፈው ሲለኝ ለሴት ነው አልኩት።

ወድቋል። ጥር 24፣ ከምሰሶው ላይ። የጭኑ አጥንት ነው። የአሸዋ መኪና ለምነን፣ አሸዋው ላይ አስተኝተን ወሰድነው፤ ሀኪም ቤት ብረት አገቡለት። አራት ቀን ተኛ። አሁን ያንቺ ክፍል ውስጥ ነው፣ ጸሀይ ስለሚገባው። ሀኪሙ በክራንች ለመቆም ሁለት ወር፣ ከዛ በኋላ ደግሞ እናያለን ብሏል። እናያለን የሚለውን አልወደድኩለትም።

እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። "ብትጽፍላት ልጄ አይደለህም" ነው ያለኝ። ስራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ቢሮዋም ይቀጣታል፣ መስመሩም ሳይገባ ይቀራል ብሎ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልጁ አይደለሁም። አንቺ እንዳወቅሽ አያውቅም፤ አደራሽን።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ባለመሰላሉ ባለፈው ሳምንት መጣ። መሳሪያውን ምሰሶው ላይ አስሮ ለካ፤ "አባቴ፣ ይሄ ቦታ ፈጽሞ አያይም። የኮረብታው ትከሻ ይጋርደዋል" አለ። ከዛ ጣሪያው ላይ ወጣ። የሚያየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የምስራቁ ግድግዳ ጫፍ፣ የማእዘኑ ድንጋይ። ድንጋዩን ሰርስሮ ብረት ማስገባት፣ ሳህኗን እዛ ላይ ማሰር። የግማሽ ቀን ስራ ነው አለ።

የማእዘኑን ድንጋይ አላየሽውም። አባባ ዘጠኝ ቀን ነው የጠረበው። ውሀ ብታፈሺበት እንደ ብርጭቆ ነው የሚንሸራተተው። እና እምቢ አለ። "ምሰሶው ላይ አይቷል። ሳጥኗ አረንጓዴ ሆናለች፣ ልጄ ቆሞ አይቶ ጮኋል፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያየ ቦታ እያለ ድንጋዬን አታስፈነዱትም" አለ። ቢሉት ቢሰሩት አይሰማም።

ባለመሰላሉ መጋቢት 4 አንዴ ይመለሳል። ከዛ በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ስለሚሄድ ከክረምት በፊት አይገኝም።

እንዴት እንደወደቀ አትጠይቂኝ። እግሩ ተንሸራተተ።

ሽብልቅ

የካቲት 23

ወንድሜ፤

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ቲኬት ቆርጬ መናኸሪያ ደርሼ ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ አሰብኩ። ያለ ፈቃድ ከሄድኩ ሥራው የለም፣ መስመሩም ትርጉም የለው። አባባ መዶሻ ላያነሣ፣ አንተ ገና የሚጨበጥ ሥራ የለህ፣ ሦስታችንንም የሚይዘን ይኸው የእኔ ሥራ ብቻ ነው። ተመለስኩ። እንዲህ ተመልሼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ባለመሰላሉን ራሱን አገናኙኝ። ትሑት ልጅ ነው። "እኅቴ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል" አለኝ። "ያ ምሰሶ ያለበት ቦታ ኮረብታው እስካልተናደ ድረስ ለአንዲት ሰከንድም አረንጓዴ ሊሆን አይችልም። አባትዎ ግን ሆኗል ይላሉ። ወንድምዎን ጠየቅሁት፤ እሱም አዎ፣ አይቻለሁ አለኝ።"

ሳጥኗ አጠገብ የነበርከው አንተ ነህ። ስለ እግሩ መንሸራተት አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ስለ መብራቷ ነው። ቀለሟ ምን ነበር?

እኅትህ

የካቲት 27

እታለም፤

ይሄን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አንዱ ላይ ቀልድ ነበረበት፣ እሱን አስቀድሜ ቀደድኩት።

ቀይ ነበር።

የዛን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ምሰሶው ላይ ነው። ባለመሰላሉን እንጠብቅ ብዬዋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ አንቺ እንዳልሺው እግሩንም ይዤዋለሁ። "መጋቢት ደረሰ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው፣ ልቀቀኝ!" አለኝ። ለቀቅኩት። መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደግፎ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው ሳህኗን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዞራል። የኔ ስራ መስኮቱ ስር ቆሜ ሳጥኗን ማየት ነው። "እ?" ይለኛል። "ቀይ" እለዋለሁ። "አሁንስ?" "ቀይ።" "ደህና አድርገህ እይ!" "ቀይ ነው አባባ፣ እንደ ቲማቲም።" መቶ ጊዜ። ጸሀይዋ አናት ላይ ወጣች። እሱ አልሰለቸውም፣ እኔ ሰለቸኝ። ፊቱም ጠቁሮብኝ ነበር፤ ላስቀው ብዬ ነው።

"አረንጓዴ! አባባ፣ አረንጓዴ ሆነ! እታለም መስመሩ ላይ ናት፣ ትሰማሀለች፣ አናግራት!" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ ከይሲ" ብሎ ሳንቃ ይወረውርብኛል ብዬ ነበር። ለመሸሽ ሁሉ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን አመነኝ። ወደ ሳህኗ በሁለት እጁ ዞረ።

በሁለት እጁ፣ እታለም።

ባለመሰላሉ "እርግጠኛ ነህ አረንጓዴ ነበር?" ብሎ ሲጠይቀኝ አባባ አልጋው ላይ ሆኖ እያየኝ ነበር። "ነበር" አልኩ። ሁለተኛው ውሸቴ እሱ ነው፤ ከመጀመሪያው የከፋው።

ለምን አትነግረውም ብለሽ ከመናደድሽ በፊት አንድ ነገር ስሚኝ። አባባ ለጠየቀው ሰው ሁሉ የሚለውን ታውቂያለሽ? "እግሬን ብሰብርም መስመሩን አግኝቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ተገናኝተናል" ነው የሚለው። ሲያመው እንኳ በዛች አረንጓዴ ነው የሚጽናናው። እግሩን ወስጄበታለሁ። እሷንም ልውሰድበት? አንቺ ጻፊለት። አንቺ ስትነግሪው ይቀለዋል።

ሽብልቅ

የካቲት 29

ሽብልቅ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ አሁን ነው፤ ሾፌሩ ሞተር ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ በጥድፊያ ነው የምጽፈው።

ተናድጃለሁ። አልተናደድኩም ብዬ አላታልልህም። ንዴቴን ግን ስመጣ በአካል አሳይሃለሁ፣ አሁን ጊዜ የለንም።

ለአባባ እኔ አልጽፍለትም። ያላየኸውን አየሁ ያልከው አንተ ነህ፤ ቀይ ነበር ማለትም ያንተ ነው። አንተ ልታተርፍለት የምትሻውን አረንጓዴ ይዞ ከተኛ፣ ድንጋዩ አይበሳም፤ ድንጋዩ ካልተበሳ እኔ ለሦስት ዓመት እሄዳለሁ። ያን ጊዜ የሚጽናናበት መብራት ምን ይሠራለታል?

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ስለ እማማ "ጉንፋን ነው" ብሎ የጻፈልኝ አባባ ነው። በገዛ እጁ፣ አንድም ፊደል ሳይሳሳት። ስለሚወደኝ ነበር። አንተም ስለምትወደው ነው። በዚህ ዓይነት ፍቅር እናቴን ሳልሰናበታት ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ ይብቃን።

ባለመሰላሉ መጋቢት 4 ይመጣል። ከዚያ በፊት ንገረው።

መጋቢት 4

እታለም፤

እየጻፍኩ ያለሁት ግድግዳው ስር ተቀምጬ ነው፤ መዶሻ ይዤ ስለዋልኩ ፊደሉን ይቅር በይው።

ትናንት ጠዋት ነገርኩት። ቁርሱን አበላሁት፣ ትራሱን አስተካከልኩለት፣ ፊቱን አሳጠብኩት። "ዛሬ ምን አጥፍተህ ነው?" አለኝ።

"አባባ፣ አረንጓዴ አልነበረም" አልኩት።

"ምኑ?"

"የዛን እለት። ሳጥኗ። ቀይ ነበረች። ቀልዴን ነው።"

ይጮሀል ብዬ ጠበቅሁት። ግድግዳውን ማየት ጀመረ። በሁለት ድንጋይ መሀል ያለውን ቀጭን መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለው።  በመጨረሻ፣ ወደ እኔም ሳይዞር፣

"ታዲያ አልሰማችኝም?" አለ።

"ምን ስትል?"

"ስወድቅ የጮህኩትን።"

እታለም፣ ሲወድቅ መጮሁን ሰምቻለሁ። የህመም ጩኸት መስሎኝ ነበር። ቃል አለው ብዬ አልጠረጠርኩም።

"ምን ብለህ ነበር የጮህከው?" አልኩት።

"ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያልኩ ነበር እንጂ። መስመሩ ላይ ናት ስላልከኝ... የምትሰማ መስሎኝ። እንዳትደነግጥ ብዬ።"

ወጣሁ። ከሽንት ቤቱ በር ኋላ ቆምኩ። እዛ ያደረግሁትን አልጽፍልሽም፣ በኋላ ስትስቂብኝ ትኖሪያለሽ።

ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ምግቡን ከእጄ ተቀብሎ በላ፣ ግን አላናገረኝም። ጸሀይ ልትጠልቅ ስትል ጠራኝ። "ያ ልጅ ነገ በስንት ሰአት ነው የሚመጣው?" አለኝ። ከጠዋቱ ሶስት ሰአት አልኩት። "በሱ መሰርሰሪያ አይበሳም። በመሮ ነው። የምትበሳውም አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"ሌላ ልጅ አለኝ እንዴ እዚህ?" አለ። እታለም፣ ሌላ ልጅ ነው ያለው፤ አስተውለሽልኛል?

ስለዚህ ዛሬ ወጣሁ። ባለመሰላሉ ወገቤን በገመድ አስሮ ከስር ያዘኝ፤ አባባ አልጋው ላይ ሆኖ መስኮቱን አስከፍቶ በጆሮው ያሰራኛል። አያየኝም እኮ። የመዶሻዬን ድምጽ ብቻ ነው የሚሰማው። "ቀስ! ... ደግሞ ሰያፍ አድርገህ ያዝከው፣ አቅናው! ... ውሀ አፍስስበት! ... አሁን ተው፣ ይረፍ!" ይላል። አንዴ ድምጹ ተለወጠና እኔ ምንም ሳይገባኝ፣ "አቁም! ሊሰነጠቅ ነው!" ብሎ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጸጉር ያህል መስመር ጀምሯል።  በሌላ በኩል አስጀመረኝ። ባለመሰላሉ እኔን ሳይሆን መስኮቱን ነበር አፉን ከፍቶ የሚያየው።

አሁን የቀረው ሶስት ጣት ያህል ነው። ለእረፍት ውረድ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ። ብረቱ ገብቶ ሲሚንቶው እስኪደርቅ አራት ቀን መጠበቅ ግድ ነው አለ ባለመሰላሉ፤ ሳህኗን መጋቢት 8 ማታም ቢሆን መጥቶ ያስርልናል፣ ከጉዞው ቀንሶ። ከዛ ለልኬቱ የሚቀሩሽ ሁለት ቀናት ናቸው። ድንጋዩ ከሰነጠቀ ግን ሌላ ማእዘን የለንም።

አንድ ነገር አልነገርኩትም፤ መውደቁን አንቺ እንደምታውቂ። በአንድ ቀን ሁለቱንም አልቻልኩም።

እየጠራኝ ነው።

መጋቢት 11

ይድረስ ለእታለም፦

ድንጋዩ ተርፎ፣ መስመር ገብቶ፣ ደብዳቤ ምንድን ነው ትይኛለሽ። ትናንት ማታ የላክሺውን መልእክት አይቼዋለሁ፤ ግን ሳጥኗ ያለችው አባባ ክፍል ውስጥ ነው፣ ስልኩም የሱ ነው፣ መልሱን እዛ ላይ ብጽፈው ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው። ለዚህኛው ጥያቄሽ መልስ ደግሞ ሾፌሩ ይሻላል።

ዝቅ አድርገው ካለኝ በኋላ ምን ሆነ ብለሻል።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ የስልክሽ መስታወት ያላሳየሽ ብዙ ነበር። ከትናንት በስቲያ የጠዋቱ ልኬት አልፎ ቢሮሽ ተቀብሎታል ስትይ፣ እዚሁ ያደረው ባለመሰላሉ ከኔ በላይ ነው የዘለለው። ልታዪው እንደምትደውዪ ሲሰማ አባባ ልብስ አምጣ አለኝ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ጸጉሩን በውሀ አስተኛ። ሶስቱን ትራስ፣ የኔንም ጨምሮ፣ ከጀርባው አስደርድሮ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ላቡ ሲወርድ እያየሁት ነበር። "ከአንገቴ በላይ ብቻ ነው የምታሳየው፣ ወዮልህ" አለኝ። ስልኩን ያዝኩለት።

ከዛ በኋላ ያለውን አይተሻል። "ደህና ነኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ ስራ በዝቶብኝ ነው" ሲልሽ፣ አንቺም እንደማያውቅ ሰው አንገትሽን ስትነቀንቂ፣ እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው። ከዛ አንቺ ተንኮለኛዋ፣ እኔ እንኳ የማላስበውን፣ "አባባ፣ ተነሳና መስኮቱ ጋ ሆነህ ግቢውን አሳየኝ" አልሺው። "አሁን ጸሀዩ ይወጋል" አለሽ። "ግድ የለም፣ ተነሳ" አልሺው። "ቆይ ይህቺን..." አለና ብርድ ልብሱን ጎተተ። ተያያችሁ።   ያኔ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ "ዝቅ አድርገው" ያለኝ።

ዝቅ አደረግሁት። እግሩን አሳየሁሽ። ብርድ ልብሱን ራሱ ነው የገለጠው። ያን ጊዜ መብራት ሄደ። አንቺ ምን ያህሉን እንዳየሽ አላውቅም።

እሱ ግን ማውራቱን ቀጠለ። ስልኩ ጨልሟል፣ ሳጥኗም ጠፍታለች፤ እሱ የጨለመውን መስታወት እያየ፣ "ወድቄ ነው ልጄ። ጥር ላይ። ልነግርሽ ፈርቼ ነው። የእናትሽንም ያኔ እኔ ነኝ የደበቅሁሽ..." ይላል። ሰማሁት። ከዚህ በፊት የለሽበትን ቦታ አለች ብዬዋለሁ፤ አሁን እንደገና ዝም ልበል? 

"አባባ፣ መብራት ሄዷል። አትሰማህም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ለማን ነው የምታወራው?"

"እየተለማመድኩ ነው" አለ። "ዝም ብለህ ያዝልኝ።"

ያዝኩለት። መጀመሪያ ረጅም ነበር፣ ይቅርታው፣ ሰበቡ፣ የድንጋዩ ነገር። ሁለተኛው ላይ አሳጠረው። ሶስተኛው ላይ ድንጋዩን አወጣው። እያሳጠረ፣ እያሳጠረ፣ አስር ጊዜ ያህል ሲለው መጨረሻ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ሆነች። እሷ ላይ ሲደርስ ግን ድምጹ እየከዳው እንደገና ከላይ ይጀምራል። መብራቱ ሲመጣ አንቺ ከወንበርሽ ተነስተሻል። ትናንትም ደውለሽ ስታናግሪው ስለ አየሩ ነው ያወራሽ፣ ሰምቻለሁ።

መቼ ለምዷት እንደሚላት አላውቅም። እስከዛ እኔ ልጻፍልሽ፤ ይቺኛዋን ደግሞ አልፈጠርኳትም፦

ነይ ብሎሻል።